ዲናሞ ግራና ቀኝ አይለይም

ጀመዓ፣ ይህን የምጽፈው ፒክአፕ ለምትነዱ ወዳጆቼና በተለይ ጋራዥ ለከፈታችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። እኛ ጋ ብልጭ ድርግም የሚል የመኪና መብራት ሳይፈታ ወራት የሚቆየው ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። ችግሩን ለማግኘት የሚከፍል ሰው ስለሌለ ነው። ባለመኪናው ለአምፖል ይከፍላል፣ ለባትሪ ይከፍላል። ኤሌትሪሻኑ ግማሽ ቀን ሽቦ ሲከተል ውሎ አንድ ብሎን አጥብቆ ቢነሳ ግን «ምን ቀየርክና ነው የምከፍልህ?» ይባላል። እሱም ልጆች አሉት፤ ስለዚህ የሚያስከፍለውን ዕቃ ይቀይራል። በሳምንቱ መብራቱ እንደገና ይርገበገባል።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሐረጎን የማያውቅ የለም። ከደሴ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል፤ ክረምት ላይ ጉም ሲተኛበትማ ከፊት ያለው መኪና እንኳ አይለይም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና መብራቱ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ቢጠፋበት 14 ሜትር በጭፍን ይሄዳል። ኩርባ ላይ 14 ሜትር ምን እንደሆነ ለሾፌር አይነገርም።

በቅርቡ ተማሪዬ በነበረ ልጅ ጋራዥ ቁጭ ብዬ ሳለ ከቢስቲማ አንድ ፒክአፕ መጣ። ሁለቴ አምፖል፣ አንዴ ባትሪ ተቀይሮለታል። ሌላ ቦታ ደግሞ «አብሽር ጋሼ፣ አሁን ዲናሞው ነው» ተብሎ ባለቤቱ ዲናሞ ሊገዛ መንገድ ላይ ነው። ልጁ መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነው። የሚርገበገበው አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም? የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ይደበዝዛል? ነዳጅ ሲሰጠው ለውጥ አለው?

መልሱ «ግራው ብቻ፣ ኮረኮንች ላይ ሲሆን ይብሳል» ሆነ።

እስቲ አስቡት። ዲናሞ ግራና ቀኝ አይለይም እኮ! ችግሩ ዲናሞው፣ ቺንጋው ወይም ሬጉሌተሩ ቢሆን ሁለቱም መብራቶች፣ የውስጡም ጭምር፣ ከሞተሩ ጋር ከፍ ዝቅ ይሉ ነበር። ለማረጋገጥ ቴስተር በቂ ነው። ጤነኛ ባትሪ ሞተር ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተር ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5። የዚህኛው 14.1 ነበር። ዲናሞው ምንም አልሆነም።

ቀጥሎ ማሳው ተፈተሸ። (ማሳ ስል የገበሬውን አይደለም፤ እንደ ፍሬቻና እንደ ኮፈን ከጣሊያን የወረስነው የጋራዥ ቃል ነው፤ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ መመለሻ።) እዚህ ላይ ብዙዎች ቴስተሩን «ጢጥ» የሚለው ላይ አድርገው ሽቦው ከጮኸ «ደህና ነው» ይላሉ። አይደለም! ከተበጠሰ ሽቦ አንዲት ክር ብትቀር እንኳ ይጮሃል። 55 ዋት አምፖል ግን ከ4 አምፔር በላይ ይስባል፤ ያቺ ክር ይህን አትችልም። ስለዚህ የሚለካው መብራቱ እንደበራ ነው፤ አንዱ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላው የአምፖሉ ሶኬት የማሳ እግር ላይ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መመለሻው ታሟል። የዚህ መኪና 1.9 አሳየ። ሽቦው ሲነቀነቅ ቁጥሩ ይዘላል፣ መብራቱም አብሮ ይዘላል።

ምክንያቱ ምን ሆነ? መኪናው ተገጭቶ ላሜራ ተሠርቶለት ነበር። ቀለም ቀቢው የማሳው ብሎን የሚያርፍበትን ቦታ አብሮ ቀብቶታል፤ መንገዱ ደግሞ ብሎኑን አላልቶታል። ብሎኑ ተፈታ፣ ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ተፋቀ፣ ተመልሶ ጠበቀ፣ በላዩ ግራሶ ተቀባ። 20 ደቂቃ አልፈጀም። ለማግኘት ግን ከ1 ሰዓት በላይ ወስዷል። ደግሞ መርገብገቡ ብቻ አይደለም፤ የሃሎጅን አምፖል ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሰውዬው ለወራት ሲነዳ የኖረው በግማሽ ዓይን ነው ማለት ነው።

ለባለሙያዎች አንድ ማስጠንቀቂያ። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ረጅሙንና አጭሩን መብራት የሚለየው ማብሪያ ያለው በማሳው በኩል ነው። እዚያ ላይ መስመሩን ሳትከተሉ አምፖሉ ጋ አዲስ ማሳ አትሰሩ። የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ክር የምትጠግኑትም ተዉ፤ የሚቃጠለው መኪናው ነው።

«ኤልኢዲ አስገባበትና ተገላገል» የሚለውን ምክር ደግሞ ጨርሶ አልወደውም። ኤልኢዲ ትንሽ ስለሚስብ የታመመውን ማሳ ይደብቀዋል። አንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ ራሱ ይርገበገባል፤ መኪናው አምፖሉን ለመፈተሽ የሚልከውን አጭር ምት የሃሎጅን ክር በግለቱ ይውጠዋል፣ ኤልኢዲ ግን ያሳየዋል። ከሁሉም የሚብሰው፣ ለሃሎጅን በተሠራ መስታወት ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ ተበታትኖ ከፊት የሚመጣውን ማሳወሩ ነው። ሐረጎ ላይ ከባድ መኪና የያዘውን ሾፌር አሳውራችሁ የት ልትሸሹ ነው?

ጋራዥ ያላችሁ ልጆቼ፣ የምርመራ ዋጋ ለይታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ዕቃ ተቀየረም አልተቀየረም የሚከፈል። ከሥራው በፊትና በኋላ የተለካውን ቮልት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ። ባለመኪናዎችም ቁጥሩን ጠይቁ፤ ሳይለካ ዕቃ ግዛ ካላችሁ ሌላ ጋራዥ ሂዱ።

የቢስቲማው ሰውዬም መጨረሻ ላይ «ዕቃ ሳትቀይር በምን ሂሳብ ነው የምከፍለው?» ማለቱ አልቀረም። ልጁ አፍሮ ዝም ሲል፣ እኔ ሊገዛው የነበረው ዲናሞ ስንት እንደተባለ ጠየቅኩት። ሳቀና ከፈለ።