ልምድ የሚሸጥበት ሱቅ የት ነው?

እኔ የምለው፣ ልምድ ስንት ብር ነው? የሚሸጥበትን ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። የእህቴ ልጅ በጥርስ ሕክምና ከተመረቀች ወዲህ ልምድ የሚጠይቃት በዝቶ፣ ልምድ የሚሰጣት ጠፍቷል።

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስታችሁ በሃያ ሁለት አድርጋችሁ መገናኛ፣ ከዚያም በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ እስከ አያት ብትዘልቁ፣ ነጭ ጥርስ የተሳለበት ማስታወቂያ አብሯችሁ ይጓዛል። ታች ካፌ፣ መሐል ባንክ፣ ላይ የጥርስ ክሊኒክ! ልጅቷ ሲቪዋን ይዛ ይህን ሁሉ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ከረመች።

«ስንት ዓመት ሠርተሻል?»

«ገና መመረቄ ነው።»

«እንግዲያው ሁለት ዓመት ሠርተሽ ነይ።»

የት ሠርታ? እሱን የሚነግራት የለም። አንዱ ደግሞ «ሦስት ወር ያለ ደመወዝ እያየሽ ቆዪ» አላት። ማየቱንማ ትምህርት ቤት ጨርሳው መጣች እኮ!

ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ «ከተማው በጥርስ ሐኪም ተጨናንቆ ነው» ይለኛል። አይደለም ጎበዝ! ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለበት አገር ነው፤ አብዛኛው ሰው ጥርሱን ለሐኪም የሚያሳየው ጉንጩ ሲያብጥ፣ ለዚያውም ለማስነቀል ነው። እስቲ ወደ ስምጥ ሸለቆ፣ ወደ ወንጂና መተሐራ ውረዱ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርሱ ቡናማ ሆኖ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ወጣት ታገኛላችሁ። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «ግግ ነው» ተብሎ ያልበቀለ የወተት ጥርሱ ተፈልፍሎ የሚወጣበት ቤትም ዛሬም አለ። ይህ ሁሉ ድድና ጥርስ እያለ ሐኪም በዛ ይባላል? የበዛው ሐኪሙ ሳይሆን፣ የከፋዩን ጥርስ ለመሻማት አንድ ጎዳና ላይ የተደረደረው ወንበር ነው።

«ታዲያ ለምን ክፍለ ሀገር አትሄድም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ! በባዶ እጇ ነው? የጥርስ ሐኪም ማዳመጫ አንገቱ ላይ ጥሎ አይሠራም፤ ወንበር፣ መብራት፣ ውሃ፣ ራጅ ይፈልጋል። ድሮ የሕክምና ተመራቂ ዕጣ አውጥቶ ይመደብ ነበር። ዛሬ መንግሥት አስተምሮና በብቃት ምዘና ፈትኖ፣ ብዙውን «እግዜር ይከተልሽ» ብሎ ይሸኛል። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2011 ዓ.ም. እና በግንቦት 2017 ዓ.ም. ስለ ክፍያና ስለ ሥራ ሁኔታ አደባባይ የወጣ ጥያቄ ያነሡት እንዲሁ ጥጋብ ይዟቸው አይደለም።

የክሊኒክ ባለቤቶችንም እሰማለሁ። የቦሌ ኪራይ ይታወቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው መሙያና ማደንዘዣ አይቀመስም። «ጀማሪ አንድ ደንበኛ ካሳመመብኝ አምስት ይሸሹኛል» ይላሉ። ታካሚውም ቢሆን ልጅ እግር ሐኪም ሲያይ «ትልቁ ዶክተር የሉም?» ማለት ይወዳል። እውነት አላቸው። ግን ትልቁ ዶክተር ከእናታቸው ሆድ ጉጠት ይዘው ነው የወጡት? አንድ ቀን አንድ ነባር ሐኪም አጠገባቸው ቆሞ «እንዲህ ነው የሚያዝ» ብሏቸዋል። እናንተ የምትፈልጉት ሌላው ዘርቶ፣ አርሞ፣ ኮትኩቶ ያሳደገውን ማጨድ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለው ይኸው ነው፦ የሙያ ተቋም ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው ክፍል፣ ከአንድ በላይ ወንበር ያለው ክሊኒክ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጀማሪ በነባር ሐኪም ሥር፣ በደመወዝ እንዲይዝ ያስገድድ። ወንበር ለሌለው የክፍለ ሀገር ሆስፒታልም መጀመሪያ ወንበሩ ይግባለት፤ «ሂዱ» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ካልሆነ፣ ዛሬ ጀማሪውን ከደረጃው የሚመልሰው ሁሉ ነገ «ልምድ ያለው ሐኪም ጠፋ» ብሎ ማልቀሱ አይቀርም። ያኔ መልሱ አጭር ነው፤ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።