ከምዝገባው በፊት አንድ ሳምንት

10ኛን አልፎ ለ11ኛ ክፍል የሚመዘገብ ልጅ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ናቹራል ወይስ ሶሻል? መልሱን ለመሙላት ደቂቃ አይፈጅበትም። ሁለት ዓመት የሚማረው፣ 12ኛ ላይ የሚፈተነው፣ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስም የሚከፈትለትና የሚዘጋበት በር ግን የሚወሰነው በዚያች ደቂቃ ነው። ለአንድ ጥንድ ጫማ መርካቶን ሲያካልል የሚውል ቤተሰብ ይህን ጉዳይ ለወረፋ ላይ ወሬ ሊተወው አይገባም።

ልጆቹን ጠጋ ብላችሁ ጠይቋቸው። አንዱ ጓደኛው ስለገባ ይገባል። አንዷ “ጎበዝ ተማሪ ሶሻል ምን ትሠራለች?” ስለተባለች ናቹራል ትላለች። ሌላው ከሒሳብ ሸሽቶ ሶሻልን ይመርጣል።

የሦስተኛው ሽሽት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በብሔራዊ ፈተናው ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ ለሁለቱም ዘርፎች አሉ። ናቹራል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን፣ ሶሻል ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስን ይጨምራሉ። ሶሻል ተምረው የሚገቡባቸው አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስም ያለ ቁጥር አይዘለቁም።

“ናቹራል ለጎበዝ፣ ሶሻል ለሰነፍ” የሚለው አስተሳሰብ ዝም ብሎ አልመጣም። መንግሥት ለዓመታት የዩኒቨርሲቲ ምደባውን 70 በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ ለማድረግ ሲሠራ ቆይቷል። ወላጅ ልጁን ብዙ ወንበር ወዳለበት ቢገፋ አይፈረድበትም ነበር። ዛሬ ግን ከወንበሩ በፊት ማለፊያው አለ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በተዛወረበት በ2014 ዓ.ም. ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዘርፍ መምረጥ ብቻውን አይፈታውም። ቢሆንም እንዲህ ባለ ፈተና ፊት ልጅን በማይሆንለት ትምህርት ማሰለፍ ሸክሙን ማክበድ ነው።

ስለዚህ ከምዝገባው በፊት ለምርጫው አንድ ሳምንት ስጡት።

ወላጆች፦ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ካርዱን ጎን ለጎን ዘርጉ። ደረጃውን ተዉትና የየትምህርቱን ነጥብ እዩ፤ የትኛው እየወጣ፣ የትኛው እየወረደ መጣ? ልጁ ሳይታዘዝ የሚያነበውስ የቱን ነው? ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይሁንልኝ ካላችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ግንባታ ላይ ከሚሠራ ዘመድ ጋር ግማሽ ቀን ይዋል። ልጅቱን ሕግ ካማራት ፍርድ ቤት ይዛችኋት ሂዱ፤ ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው።

መምህራን፦ ካርድ በምትሰጡበት ቀን ለእያንዳንዱ ልጅ 5 ደቂቃ ጨምሩለት፤ የሚበረታበትን በግልጽ ንገሩት። ርዕሳነ መምህራንም በትምህርት ቤታችሁ የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህርና የሚሠራ ቤተ ሙከራ መኖር አለመኖሩን ለወላጅ ሳትደብቁ አስታውቁ።

ክረምቱን ቤታችሁ የገባችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፦ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታችሁ ብቅ በሉ። የምትማሩትን፣ ያልጠበቃችሁትንና የሚቆጫችሁን ንገሯቸው። ልጆቹ ከአባታቸው ይልቅ እናንተን ይሰማሉ።

ተማሪዎች፦ የሚያምሯችሁን ሦስት ሙያዎች ጻፉና በየትኛው ዘርፍ እንደሚገባባቸው ጠይቁ። ሕክምናም ምህንድስናም የናቹራል ተማሪ መንገድ ናቸው፤ ይህን 12ኛ ላይ ሆኖ መስማት ይመራል።

ሳምንቱ ሲያልቅ እስክሪብቶው በልጁ እጅ ይሁን። ፈተናው አዳራሽ ውስጥ አብሮት የሚቀመጥ ወላጅ የለም።