የዞን ኃላፊ ደመወዝ ስንት ነው? የሚወስነውስ ማን ነው?



በምርጫ ሰሞን የሹም ደመወዝ ማንሳት እንደ ነውር ይታያል። ገዢው ፓርቲ ጉዳዩን ጨርሶ አያነሳውም። ተቃዋሚዎችም፣ እኛንም ጨምሮ፣ ብዙ ጊዜ «ሹማምንቱ ጠገቡ» ብለን ጭብጨባ ተቀብለን እናልፈዋለን። በዚህ ጽሑፍ የምንለው ከዚህ የተለየ ነውና እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እንጠይቃለን። የዞን መምሪያ ኃላፊ፣ የከተማ ሥራ አስኪያጅ ወይም የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ በፔሮል ላይ የሚፈርምበት ደመወዝ ከተሸከመው ኃላፊነት ጋር ሲመዘን ያንሳል። ከፔሮል ውጭ የሚያገኘውን ግን እናንተ ግብር ከፋዮቹ አታውቁትም። ሁለቱም ጥፋቶች ናቸው፤ አንዱም ሌላውን ይወልዳል።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት «የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን» ባለው ጥናት መሠረት 22 ደረጃዎች ያሉት የደመወዝ ስኬል አወጣ። ዝቅተኛው 1,100 ብር፣ ከፍተኛው 20,468 ብር ነበር። በወቅቱ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 29 ብር ገደማ ስለነበር የስኬሉ ጣሪያ 700 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ስኬሉ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ዝቅተኛው ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ፤ ጣሪያው ግን ወደ 21,492 ብር፣ ማለትም በ1,024 ብር ብቻ ጨመረ። ከዚያ በፊት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ ብሩ ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ጭማሪ መነሻው 6,000፣ ጣሪያው 39,000፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ለሚቀጠር ደግሞ 11,500 ብር ሆነ። ጭማሪው በሬዲዮ ሲነገር ትልቅ ነበር። ይሁን እንጂ 39,000 ብር በዚያው ወር የባንክ ምንዛሪ 300 ዶላር እንኳ አይሞላም። በሌላ አነጋገር የ2018ቱ ከፍተኛ ተከፋይ ብሩ ቢበዛለትም በዶላር ሲሰላ ከ2011ዱ ከፍተኛ ተከፋይ ግማሹን አያገኝም።

ይህም ቢሆን ሙሉውን እጅ የሚገባ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት 11,500 ብር የሚከፈለው ጀማሪ 2,100 ብር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 805 ብር ተቀንሶበት 8,595 ብር ይደርሰዋል። የጣሪያው ተከፋይ ከ39,000 ብር ላይ 11,600 ብር ግብርና 2,730 ብር ጡረታ ከፍሎ 24,670 ብር ይቀረዋል። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ዕቁብና ዕድር ይቀነስ። ነጭ ጤፍ በሚያመርተው በዚህ አገር የመንግሥት ሠራተኛው ጤፍ ገዝቶ መብላት እንዳቃተው ለደብረ ማርቆስ ሰው እኛ አንነግረውም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። አንድ ሰው በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር በጀት እየፈረመ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች እያስተዳደረ፣ ከአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ያነሰ ደመወዝ የሚከፈለው ከሆነ ወንበሩን ለምን ይፈልገዋል? ለምንስ በሹመት ሰሞን ይህን ያህል ደጅ ይጠናል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንበሩ ከደመወዙ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ነገር አለው፤ የቤት አበል ወይም የመንግሥት ቤት፣ መኪና ከነሹፌሩ፣ ነዳጅ፣ የስልክ ክፍያ፣ ለስብሰባና ለሥልጠና የሚከፈል ውሎ አበል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ሕጋዊ ነው፤ ለሥራውም ያስፈልጋል። ችግሩ አንዱም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አለመለጠፉ ነው። በስኬሉ ላይ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል የነበረው ልዩነት ከ18 እጥፍ በላይ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 4 እጥፍ ተኩል ወረደ፤ ዛሬ 6 እጥፍ ተኩል ነው። ወረቀቱን ላየ ሰው አገራችን ከዓለም እኩልነት የሰፈነባት ትመስላለች። ሰኞ ጠዋት በመንግሥት ታርጋ ልጅ ትምህርት ቤት ሲደርስ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ በእግሯ ስትመጣ ያየ ግን ልዩነቱ ከፔሮሉ ወደ ጋራዡ እንደ ተዛወረ ይረዳል።

ውሎ አበሉን በተለይ እናንሳው፤ ከሁሉም በላይ ሥራ የሚበድለው እሱ ነውና። ደመወዝ አልበቃ ሲል ስብሰባ ደመወዝ ይሆናል። አንድ ባለጉዳይ ከየጁቤ ወይም ከደብረ ወርቅ ተነስቶ ለፊርማ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ «ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው» ይባላል። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለስ ባሕር ዳር ናቸው። ባለጉዳዩ የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ ከኪሱ ይከፍላል፤ ኃላፊው ባለመገኘቱ አበል ይታሰብለታል። እኛ ሰውየውን ብቻ አንወቅስም። በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ልጆቹን የሚያበላው ከቢሮው በመጥፋቱ ከሆነ አሠራሩን ያበጀው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ደመወዝንና ደረጃን የሚወስነው ምንድን ነው? ሕጉ መልሱን አስቀምጧል። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 515ም ሆነ በ2010 ዓ.ም. የተተካበት ቁጥር 1064፣ እኩል ዋጋ ላላቸው ሥራዎች እኩል መነሻ ደመወዝ እንዲከፈል፣ ሥራ ፈላጊዎችም በፖለቲካ አመለካከታቸው እንዳይበላለጡ ይደነግጉ ነበር። ክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ማንም ሰው በፖለቲካ አመለካከቱ ልዩነት እንዳይደረግበት ይከለክላል፤ አንቀጽ 35 ሴቶች በሥራ፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። የሥራ ምዘናውም በወረቀት ደረጃ መጥፎ አልነበረም። ዕውቀትን፣ ኃላፊነትን፣ የሥራ ጥረትንና የሥራ አካባቢን መዝኖ ነጥብ ሰጠ። የሕግ ሰው ለሕግ ቃል ክብር አለውና ጥሩ የተጻፈውን ጥሩ እንላለን።

በተግባር ግን ወንበሩ ይመዘናል እንጂ ሰውየው አይመዘንም። ነጥቡ ተቆጥሮ ደረጃው ከተሰጠ በኋላ ማን እንደሚቀመጥበት በሌላ ክፍል ይወሰናል። በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጊዜ፣ ማለትም ቢፒአር እየተባለ ሠራተኛው እንደ አዲስ በተመደበበት ወቅት፣ «አመለካከት» የሚባል መመዘኛ ነበር። ስሙ ይለወጥ ይሆናል፤ ነገሩ ግን አልጠፋም። እኛ ከምናውቃቸው አንዲት ባለሙያ ሁለተኛ ዲግሪና የ14 ዓመት አገልግሎት ይዛ በአንድ መሥሪያ ቤት ለቡድን መሪነት ተወዳደረች። ፈተናውን አንደኛ ሆና አለፈች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቦታው «በምደባ ተይዟል» ተባለች። የተመደበው ሰው ከእርሷ በታች ይሠራ የነበረ፣ ሰነዱን እንኳ በእርሷ እየተረዳ የሚያዘጋጅ ነው። አቤቱታ ጻፈች፤ ምላሽ አላገኘችም። ዛሬም እዚያው ናት፤ እርሱ የሚፈርምበትን ሪፖርት የምትጽፈው እርሷ ናት። የደመወዛቸው ልዩነት በስኬሉ ላይ ሁለት ደረጃ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ግን ስኬሉ አይደለም።

ሹመቱ ከየት እንደሚመጣም መዘንጋት የለበትም። በአማራ ክልል የብሔረሰብ ዞኖች፣ ማለትም የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። የምሥራቅ ጎጃም ዞን የለውም። የዞኑ አስተዳዳሪ ከክልል ተሹሞ ይመጣል፤ ሲነሳም ከክልል ይነሳል። የደብረ ማርቆስ መራጭ ለፓርላማ፣ ለክልል ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ይሰጣል፤ ከሁሉም ቀርቦ የሚያስተዳድረውን የዞን ሹም ግን አልመረጠም፣ አያወርድምም። ደመወዙን ከእናንተ ግብር የሚያገኝ፣ ተጠሪነቱ ግን ለሌላ የሆነ ሹም ማንን ሊያስደስት እንደሚተጋ ግልጽ ነው።

ይህ ለጎጃም አዲስ ታሪክ አይደለም። በድሮው ሥርዓት ሹም ደመወዝ አልነበረውም፤ ጉልትና ማደሪያ ይሰጠው ነበር፤ ደመወዙ የገበሬው ግብር ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዢዎችን ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር አድርጎ በገንዘብ ደመወዝ እንዲተዳደሩ ደነገገ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ግን ልማዱ ከድንጋጌው በላይ ዕድሜ ነበረው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ የጎጃም ገበሬ የተነሳው በአዋጁ ብቻ ሳይሆን በአስፈጻሚዎቹም ላይ ነበር። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ከላከ በኋላ ጠቅላይ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴን ወደ ሌላ ግዛት አዛወረ፤ ውዝፉን ግብርም ማረ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው ሹመት ራሱ ደመወዝ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ፔሮል አለን፣ ስኬል አለን፣ 22 ደረጃ አለን፤ ተረቱ ግን አልሞተም።

የጸጥታውን ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ አንታመንም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ክረምት ወዲህ ክልላችን በጦርነት ተጎድቷል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ መንገድ እየተዘጋ ደመወዝ የዘገየባቸው ሠራተኞች አሉ፣ አቅም ያለው ባለሙያ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በወረዳ ውስጥ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት የሚመራ ሰው ከማንም በላይ ሊከፈለው ይገባ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ከዞኑ ከተማ በራቀ ቁጥር ሥራው ይከብዳል፣ ጥቅማ ጥቅሙ ይቀንሳል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ የደመወዝ ጥያቄ ባነሱ ጊዜ ከተሰጧቸው መልሶች አንዱ እስር እንደነበር አልረሳነውም።

እኛ ብንመረጥ የምናደርገው ይህ ነው። በከተማውም ሆነ በዞኑ ያለ እያንዳንዱ የኃላፊነት ቦታ ደመወዙ፣ የቤት አበሉ፣ የመኪናና የነዳጅ ወጪው፣ የዓመቱ ውሎ አበል ድምር በመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ለምክር ቤቱም በይፋ ይነበባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን ያዝዛልና ለዚህ አዲስ ሕግ አንጠብቅም። ለሥራው የማያስፈልገው ጥቅማ ጥቅም ተሰርዞ ከሚተርፈው ገንዘብ የፔሮሉ ደመወዝ ያድጋል፤ ግብርም ጡረታም ይከፈልበታል። ኃላፊው ጡረታ ሲወጣ የሚቀረው በፔሮል የተከፈለበት ብቻ ስለሆነ ይህ ለራሱም ይጠቅመዋል። የፖለቲካ ሹመት የሚሰጥባቸው ወንበሮች በቁጥር ተለይተው ይታወቃሉ፤ ከእነርሱ በታች ያለው ሁሉ በፈተና ይያዛል፤ የፈተናው ውጤት ከነስሙ ይለጠፋል፤ «በምደባ ተይዟል» የሚል ወረቀት ዋጋ አይኖረውም። የዞን አስተዳዳሪ ሕዝብ በመረጠው ምክር ቤት እንዲሾም የክልሉ ሕገ መንግሥት እንዲሻሻል በክልሉ ምክር ቤት ሐሳብ እናቀርባለን።

የከፍተኛው ባለሥልጣን ክፍያ ከነጥቅማ ጥቅሙ ተደምሮ ከዝቅተኛው ሠራተኛ 10 እጥፍ እንዳይበልጥ እንጠይቃለን። ይህ ቁጥር በፓርቲያችን ውስጥ አከራክሮናል። ከመካከላችን 10 እጥፍ በጣም ሰፊ ነው ያሉ አሉ፤ ጥሩ ሐኪምና ጥሩ መሐንዲስ በዚህ ጣሪያ አይገኝም ያሉም አሉ። በድምፅ ብልጫ ወሰንን። ክርክሩ ስላልተዘጋ በየስብሰባው የምትሰጡንን አስተያየት እንመዘግባለን።

«እናንተስ ስትቀመጡበት እንደነርሱ አትሆኑምን?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይገጥመናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 ከተሾሙ በኋላ የሚጠይቀውን እኛ ከምርጫው በፊት እንፈጽመዋለን። የእያንዳንዱ ዕጩአችን ቤት፣ መሬት፣ ተሽከርካሪና የወር ገቢ ዝርዝር በፓርቲው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ከገዢው ፓርቲ ዕጩዎች ጋር በምንገናኝበት በማንኛውም የክርክር መድረክ የራሳቸውን ይዘው እንዲመጡ እንጠይቃለን፤ ይዘው ካልመጡም ምክንያቱን እናንተ ጠይቋቸው።