ሲቪክስና አንቀጽ 36

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና የዜግነት ትምህርታችንን ለመመዘን ከመነሻው መጀመሩ ይበጃል። በንጉሡ ዘመን ተማሪው ግብረ ገብ ይማር ነበር። ደርግ ሲመጣ የፖለቲካ ትምህርት ተተካ። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር፣ በተማሪው አጠራር “ሲቪክስ”፣ ቦታውን ያዘ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ስሙ የዜግነት ትምህርት ሆኗል፤ ግብረ ገብም ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል። ሒሳብና ኬሚስትሪ ሦስቱንም መንግሥታት በስማቸው ተሻግረዋል። ከመንግሥት ጋር አብሮ የሚወርድና የሚሾም የትምህርት ዓይነት ይህ ነው።

ተማሪውም ይህንን ያውቃል። መምህሩ የገዢውን ፓርቲ ቋንቋ ሲናገር ትምህርቱና ቅስቀሳው የት ላይ እንደሚለያዩ ይጠፋበታል። የመማሪያ ክፍሎች በአንድ ለአምስት የተደራጁበትን ጊዜ የሚያስታውስ ወላጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የሚገርመው ሕገ መንግሥታችን ለዚህ መልስ ማስቀመጡ ነው። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጹን የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ ራሱ አንቀጹን ሲጥስ ኖሯል ማለት ነው።

ውጤቱስ? የሲቪክስ መጽሐፍ የተዋቀረው በ11 እሴቶች ነበር። የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባና ሌሎቹም በየክፍሉ እየተደጋገሙ ቀርበዋል። ተማሪው ሸምድዷቸው ጥሩ ውጤት አምጥቶባቸዋል። ይሁንና በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በመውጣቱ በመላው አገሪቱ ተሰረዘ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ተፈታኞችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አስገብቶ በፖሊስ ጥበቃ መፈተን ግድ ሆነ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተና የሚሰርቁትና የሚሸጡት አዋቂዎች ናቸውና ጥፋቱን በአንድ የትምህርት ዓይነት ላይ መደፍደፍ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ኃላፊነትን ለዓመታት ያጠና ትውልድ ያለ ጠባቂ መፈተን ካልቻለ ማጥናቱና መሆኑ አልተገናኙም ማለት ነው።

ለምን አልተገናኙም? ተማሪው በመጽሐፉ የሚያነበውና በግቢው የሚያየው ስለሚጋጩ ይመስለኛል። አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መምህሩ ይህን አንቀጽ አርጩሜ ይዞ ሲያስተምር ተማሪው የሚማረው ምንድን ነው? ሕግ በወረቀት የሚኖር፣ ጉልበት ደግሞ በተግባር የሚሠራ ነገር መሆኑን ነው። ይህን ትምህርት ፈተና ሳይፈተንበት ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ሌላው ጉድለት ይዘቱ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ፌዴራሊዝም ዓይነቶች ይተነትናል፤ ዛሬ እርሱን የሚገዛውን ሕግ ግን አያውቅም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት 15 ዓመት ካለፈው፣ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም፣ የሚጠየቀው በመደበኛው ድንጋጌ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት ጀምሮ በወጣት ሠራተኛነት ሊቀጠር ይችላል፤ ሆኖም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊትም ሆነ በትርፍ ሰዓት ሊያሠሩት አይፈቀድም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል፤ ያለዕድሜ ማጋባትም በወንጀል ያስቀጣል። ክፍል ውስጥ ካሉት ልጃገረዶች አንዷ ነገ ልትዳር ትችላለች። ለእርሷ ከፌዴራሊዝም ትርጓሜ ይልቅ ይህ አንቀጽ፣ ከአንቀጹም ይልቅ ለማን አቤት እንደሚባል ማወቁ ሕይወት ነው።

እዚህ ላይ የጤና ጉዳይም ይነሳል። ስለ ሰውነት፣ ስለ ፆታዊ ጥቃትና ስለ አደንዛዥ ዕፅ ማስተማር የቤተሰብና የሃይማኖት አባቶች ድርሻ ነው የሚሉ ወላጆች አሉ። ሥጋታቸው አይናቅም፤ ይዘቱ ከእነርሱ ተደብቆ መዘጋጀትም የለበትም። ነገር ግን ቤት የሚያፍርበትን ጥያቄ ልጁ ዛሬ በስልኩ ነው የሚጠይቀው። መምህር ዝም ሲል ጥያቄው አይቀርም፤ መላሹ ብቻ ይለወጣል።

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። የትምህርት ቤቶቻችን ፀረ ኤድስ ክበባት፣ የቀይ መስቀል ክበባትና ሚኒ ሚዲያዎች ይብዛም ይነስም ተማሪው ተሰብስቦ የሚወስንባቸው፣ የሚናገርባቸውና ኃላፊነት የሚይዝባቸው ቦታዎች ነበሩ። ዜግነት የሚለመደው እንዲህ ነው። የተማሪዎች ምክር ቤት በርዕሰ መምህሩ ጥቆማ ሳይሆን በምስጢር ድምፅ ይመረጥ። ከትምህርት ቤቱ በጀት ጥቂቱን ተማሪዎች ተከራክረው ይወስኑበት። የተገረፈ ተማሪ አቤት የሚልበትና ምላሽ የሚያገኝበት በር ይኑር። መጽሐፉንም የተለያየ አመለካከት ያላቸው ባለሙያዎች በጋራ ይመርምሩት፤ ተቃዋሚው ያላየው የዜግነት መጽሐፍ የሚቀጥለው መንግሥት መቅደዱ አይቀርምና።

በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች ባሉበት አገር ይህ የቅንጦት ጥያቄ የሚመስለው ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በጉልበት ፈንታ በሕግ መከራከርን ያልለመደ ወጣት ነገ ለሚጠራው ጦር ሁሉ የተዘጋጀ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ስሙን ለውጧል። ትምህርት ሚኒስቴርም ሆነ የክልል ቢሮዎች መለወጡን ከምር ከያዙት ሥራውን በአንቀጽ 36 ይጀምሩ፤ አርጩሜው ከክፍል ይውጣ።