አብዱል ረሱል ገበያ በቅርስነት ይመዝገብ

አንኮበር የወጣ እንግዳ ቤተ መንግሥቱ የነበረበትን ኮረብታ ያያል፣ የሸዋ ነገሥታትን ታሪክ ይሰማል፣ ከዚያም ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ እስከ አፋር ቆላ የሚዘረጋውን አገር ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ከቁልቁለቱ በታች ያለችውን አልዩ አምባን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን የሸዋ ትልቋ የንግድ በር እርሷ ነበረች። የሐረር፣ የአርጎባና የአፋር ነጋዴዎች ይገናኙባት ነበር፤ አሞሌ ጨው በእርሷ በኩል ወደ ደጋ ይወጣ፣ ቡና ደግሞ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ከአልዩ አምባ ጥቂት ራቅ ብሎ አብዱል ረሱል የሚባል ሌላ ገበያ ነበር። እዚያ የሚሸጠው ሰው ነበር።

ከጉራጌ፣ ከእናርያ፣ ከከፋና ከኦሮሞ አገሮች የተፈነገሉ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ልጆችና ወጣት ሴቶች፣ በዚህ ገበያ ዋጋ ተቆርጦላቸዋል። ገሚሶቹ እዚሁ ሸዋ ውስጥ ቀሩ። ሌሎቹ የአፋርን በረሃ በእግራቸው አቋርጠው ታጁራ ደረሱ፤ ከዚያም በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ተሻገሩ።

ይህ ስፍራ በሕግ ታውቆ እንዲጠበቅ የአንኮበር ወረዳ፣ የሰሜን ሸዋ ዞንና የአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በአንድነት ማመልከቻ አዘጋጅተው ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲያቀርቡ ጋዜጣችን ይጠይቃል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ከገቡት 12 ቦታዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መዝገብ ሴኔጋል ያስገባችው የጎሬን ደሴት ነው፤ ሰው በባርነት ተሽጦ የተጫነበትን ደሴት። እኛ የምንኮራበትን ይዘን ስንቀርብ ሴኔጋል ያለቀሰችበትን ይዛ ቀረበች። ከዚያ ወዲህ የእኛ ቁጥር 12 ደርሷል። የባሪያ ንግድን ለማስታወስ ተብሎ የተመዘገበ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም።

ገመናችንን ለምን አደባባይ እናወጣለን የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ገመናው ከወጣ ቆይቷል። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ዋናው ክርክር ይኸው ነበር፤ ንግዱን ለማስቀረትም ቃል ገብታ ነው የገባችው። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ሩቅ ዘመን ተረት አይደለም፤ አዋጁ ሲነገር የሰሙ ሰዎች ልጆች ዛሬም በመካከላችን አሉ።

የሌሎችን መዝገብ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘ። ነፃ ከወጡት የኦሮሞ ልጆች 64ቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ከኤደን ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባለው ትምህርት ቤት ተላኩ። ከየት እንደተወሰዱ፣ በማን እጅ እንዳለፉ አንድ በአንድ ተጠይቀው ቃላቸው ተጽፏል። ከመካከላቸው አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን በመታገላቸው በሮበን ደሴት 10 ዓመት ታስረዋል፤ ደሴቲቱም እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የልጅ ልጅ የታሰረበትን ዓለም ያውቀዋል። አያት ከተነጠቀችበት አገር ግን እርሷን መሰሎቹ የተሸጡበት አንድ ገበያ እንኳ ለምዝገባ አልቀረበም። በአብዱል ረሱል ከተሸጡት አብዛኞቹ ደግሞ ቃላቸውን የሚቀበል ሰው አላገኙም። የቀረላቸው ቦታው ነው።

ከገመናው ይልቅ የሚከብደን ሌላ ስጋት አለ። ገበያው ሲመዘገብ ጥፋቱ በአንድ ሃይማኖት ወይም በአንድ ብሔረሰብ ላይ ይለጠፍ ይሆን? በዘመኑ ክርስቲያኖች ባሪያ እንዳይሸጡ ተከልክሎ ስለነበር ንግዱን የያዙት በአብዛኛው ሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ። ይህን ብቻ ጽፎ የሚያበቃ ሰነድ ግን ይዋሻል። መግዛት ለክርስቲያኑም አልተከለከለም። ከገበያው የሚሰበሰበው ቀረጥ የሚወጣው ሽቅብ ወደ ቤተ መንግሥት ነበር። ባሪያ ፈንጋይ ያልወጣው ወገን ፈልጎ ማግኘትም ይቸግራል። የማመልከቻው ሰነድ ሻጩን፣ ገዢውንና ቀራጩን አንድ ላይ ካላስቀመጠ ባይቀርብ እንመርጣለን።

ከሁሉም በላይ ተሸጦ የቀረው ሰው ወገን ዛሬም ዋጋ ይከፍላል። በአንዳንድ የአገራችን አካባቢዎች «አጥንቱ» ተቆጥሮ ጋብቻ የሚከለከል፣ ከሌላው ጋር እንዳይቀበር የሚደረግ ቤተሰብ አለ። ስድቡም ከአፋችን አልወጣም፤ ልጆች በትምህርት ቤት ግቢ ሲወራወሩት እንሰማለን። ሻጮቹ ተረስተው የተሸጡት ብቻ እስከ ዛሬ በስማቸው መጠራታቸው ያንገበግበናል።

እዚያ ምን የሚታይ ነገር አለ፣ ሜዳ አይደለም ወይ የሚልም አይጠፋም። ባሪያዎች ከመርከብ ይወርዱበት በነበረው በሪዮ ዴ ጄኔሮ የቫሎንጎ ወደብ ላይም የሚታይ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1843 ለብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት ሙሽራ አቀባበል ሲባል በላዩ ሌላ ወደብ ተሠርቶ ተቀብሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ለከተማ ልማት ሲቆፈር ድንጋዩ ብቅ አለ፤ ብራዚል አመልክታ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት አስመዘገበችው። የእኛው ቅርስ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስን በሕንፃ ብቻ አይወስነውም፤ ለታሪክ ምስክር የሆነ ስፍራ ይበቃዋል።

ዩኔስኮ ዛሬውኑ ይመዝግብልን አላልንም። ለዚያ ቦታው አስቀድሞ በአገር ውስጥ ሕግ መጠበቅ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት በጊዜያዊ መዝገብ መቆየትና ወሰኑ በካርታ መለየት አለበት። ብዙ አገሮች በዚህ ላይ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። የምንጠይቀው የመጀመሪያውን እርምጃ ነው፤ በክልል ወይም በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብን። የሲሚንቶ በርና ሐውልትም አሁን አያስፈልግም።

የአካባቢው ጸጥታ የመስክ ጥናት እስኪፈቅድ የወረቀቱ ሥራ አዲስ አበባ ላይ ሊጀመር ይችላል። በዚያ ዘመን ሸዋ የገቡ ተጓዦች የጻፏቸው መጻሕፍት፣ ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ ላይ ያደረጓቸው ጥናቶች በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ጊዜ የማይሰጠው ከአልዩ አምባና ከአካባቢው የአርጎባ አዛውንቶች አፍ የሚቀዳው ነው። ገበያው ከየት እስከ የት ነበር፣ ሰዎቹ ሌሊት የት ያድሩ ነበር፣ በመንገድ የሞተው የት ተቀበረ የሚሉት ጥያቄዎች በመጽሐፍ አይመለሱም። አንድ የወረዳ ባለሙያ መቅጃ ይዞ ሊጠይቃቸው ይችላል፤ ለዚህም የማንም ፈቃድ መጠበቅ አያሻውም።