በሌለበት የተከሰሰ ትውልድ

ክርክር እወዳለሁ። ተማሪ ሳለሁ «ከብዕርና ከጎራዴ ማን ይበልጣል?» በተባለ ጊዜ ለብዕር ቆሜ ተረትቻለሁ፤ ቁጭቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስለዚህም ባለፈው ሰሞን ጣና ዳር በተሰናዳ አንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት የክርክር ዳኛ እንድሆን ስጠየቅ፣ የባንክ መስኮቴን ዘግቼ እየተጣደፍሁ ሄድሁ።

ሦስት ርዕሶች በወረቀት ተጽፈው ነበር። አንደኛው የዜጎች ነጻነትና ጸጥታ ቢጋጩ የትኛው ይቅደም የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ዓባይና ስለ ግብጽ። ሦስተኛውን እናንተም ታውቁታላችሁ… «የዛሬ ወጣት ሞራል ወድቋል ወይስ አልወደቀም?» የመድረኩ መሪ የመጀመሪያውን ወረቀት አነበበና አጠፈው። «ይህኛው ለሌላ ጊዜ ይቆየን» አለ። ለምን ያለ የለም፤ እኔም አላልሁም። ራሴን ነጻ እያወጣሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

የዓባይ ክርክር ግሩም ነበር። አንዱ ተናጋሪ በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙትን ውል አነሣ፤ በዓባይ፣ በሶባትና በዚሁ በፊታችን በተኛው ጣና ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ነበረበትና። ሌላው በ1952 ዓ.ም. ግብጽ 55.5፣ ሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲከፋፈሉ ለኢትዮጵያ ወንበር እንኳ እንዳልቀረበላት ተናገረ። አዳራሹ በቁጣ ተናጠ። ልክ ነው! ባለቤቱ በሌለበት የሚቆረጥ ነገር ያንገበግባል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ዕንባችን የመጣው ለመብራቱ ብቻ አልነበረም።

ሦስተኛው ርዕስ ሲቀርብ ግን ያው ቁጡ አዳራሽ ካይሮንና ካርቱምን ሆኖ ቁጭ አለ። ከአራቱ ተከራካሪዎች አንድም ወጣት አልነበረም። ወጣቶቹ ከኋላ ሆነው ወንበር ይደረድራሉ፣ ሻይ ያድላሉ። ስለ ጫት ተባለ፤ ስለ አለባበስ ተባለ፤ ስለ ስልክ ተባለ።

ጫት ከተነሣ እኔም አንድ ነገር ልበል። በባሕር ዳር ዙሪያ የሚታየውን የጫት ማሳ ማን ተከለው? የሽያጩ ገንዘብ በመስኮቴ ገቢ ሲሆን የሚፈርመው እጅ የጎልማሳ እጅ ነው፤ የአባት እጅ ነው። ቃሚውን እንውቀስ፣ ይገባዋል። ተካዩን «ታታሪ» የምንለው ግን በየትኛው ሚዛን ነው?

ስልኩስ? ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወራት ተቆጠሩ። የጎረቤቴ ልጅ የትምህርት ዕድል ማመልከቻዋን ለመላክ በየሆቴሉ ደጅ ዋይፋይ ስትለምን ሰንብታ ቀኑ አለፈባት። «ወጣቱን ስልክ አጠፋው» የሚሉን ሊቃውንት ያን ጊዜ የት ነበሩ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ፣ አንቀጽ 30 ደግሞ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የመውጣት መብት ተጽፏል። ነሐሴ 1 ቀን 2008 በዚህችው ከተማ ለሰልፍ ወጥተው ያልተመለሱ ወጣቶች አሉ። የእነርሱ ሞራል ወድቆ ነበርን? ይህን ለመጠየቅ የታጠፈው ወረቀት መዘርጋት ነበረበት።

የአቸፈር ልጅ የሆነው አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን በ1955 ዓ.ም. ሲያሳትም መጽሐፉ ታገደ። ፍትሕ ወደ ጎደለበት አገር አልመጣም ያለ ጽንስ ታሪክ ነው። እንግዲህ ያን ጽንስ ወደዚያ አዳራሽ ብናመጣው ምን እንለው ነበር? «ይህ ልጅ ሥነ ምግባር ይጎድለዋል» እንለው ይሆናል፤ ሻይ እንዲያድልም እናዝዘዋለን።

ጉባኤው ሲበተን ነጥብ የምሞላበት ወረቀት ባዶውን ነበር። «ወድቋል» ያሉት በጭብጨባ አሸንፈዋል፤ የእኔን ውጤት የጠበቀ አልነበረም። ብርጭቆ የሚሰበስብ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ማን አሸነፈን?» አለኝ።

«አሸነፈ» አላለም።

ያን የታጠፈ ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ሰጠሁት። በሚቀጥለው ምሽት እርሱ ያነበዋል። ወንበሩን እኔ እደረድራለሁ።