ሲድ ቢቀየር ወንዝ አይወርድም

ማይንክራፍት በተባለው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ ያለው ተራራና ሸለቆ ሁሉ የሚመነጨው ሲድ ከሚባል አንድ ቁጥር ነው። የጌሙ ስሪት አንድ እስከሆነ ድረስ፣ ያንኑ ቁጥር አዲስ አበባም አስገቡት መካነ ሰላም፣ የሚወጣው ዓለም ያው ነው። ቁጥሩ 64 ቢት ስለሆነ ከ18 ኩንቲሊየን በላይ አማራጭ አለ፤ ብዙዎች ሲድ መቀያየርን ትልቁ ሙከራ አድርገው የሚያዩትም ለዚህ ነው። እኔ ግን ቁጥሩን ወደ መሬት የሚለውጠውን ያንኑ አንድ ሕግ ደጋግሞ ማየት ነው ባይ ነኝ። የዓለሙን መልክ የሚወስነው ሕጉ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ከሜዳማው አናት ተነሥቶ ገደል ያገኛል፤ ከገደሉ ሥር እርከን፣ ከእርከኑ ሥር ሌላ ገደል። ይህ ቅርጽ ታሪክ አለው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ላቫ በስንጥቅ እየወጣ ንብብር በንብብር ረጋ፤ ምድሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ዓባይና በሽሎ ከነገባሮቻቸው ሰርስረው ገቡ። ጠንካራው ንብብር ገደል፣ የላላው እርከን ሆኖ ቀረ። ብዙ ጌሞች ግን መሬታቸውን የሚሠሩት ኬን ፐርሊን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ኖይዝ ወይም በዝርያዎቹ፣ ማለትም ቀስ እያለ ከፍና ዝቅ በሚል የቁጥር ሞገድ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ መሬቱን ገልብጡት። የኖይዝ መሬት ሲገለበጥ የቱ ዋናው እንደነበረ መለየት ያስቸግራል። መካነ ሰላም ያለችበት የወሎው ቦረና ቢገለበጥ ግን ሸለቆው ሁሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተያያዘ ስለታም ተራራ፣ ሜዳማው አናት መውጫ የሌለው ጉድጓድ ይሆናል፤ ያየ ሁሉ ስሕተቱን ያውቃል። በዚህ ደጋ የዘነበ ውሃ ዞሮ ዞሮ ዓባይ ይገባል፤ በኖይዝ መሬት ላይ፣ ሲዱ የፈለገው ይሁን፣ ብዙው ከየጉድጓዱ ይቀራል።

«ሲዱ ይህን ያህል ከበዛ፣ አንዱ ቦረናን የሚመስል አይጠፋም» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ማይንክራፍት አት ሆም የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን የጌሙን መክፈቻ ገጽ ምስል ሲድ ፈልጎ ማግኘቱም እውነት ነው። የተገኘው ግን ያ ምስል ቀድሞውኑ ከዚያው ሕግ የወጣ ስለነበር ነው። ሕጉ የማያውቀውን ወንዝ የትኛውም ቁጥር አያወጣውም። ሌላው ክርክር፣ ጌም ለመጫወት እንጂ ለጂኦሎጂ አይደለም የሚለው፣ ይበልጥ ይከብዳል፤ ተጫዋች ሲድ ሲለዋወጥ የሚያገኘውን ደስታ አልነቅፍም። ነገር ግን አሰሳውን የሚያጣፍጠው ያዩትን ይዞ ያላዩትን መገመት መቻል ነው። ከዓባይ በረሃ ማሽላ ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ገብሱን ይጠብቃል፣ ከዚያም በደንቆሮ ጫካ ላይ አስታውንና ጅብራውን፤ ከፍታው ነግሮታልና። ማይንክራፍት እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ ነገሩን ገልብጦ፣ የመሬቱን ከፍታ ባዮም ከሚባለው የአካባቢ ዓይነት ያስከትል ነበር። ያንን ያረመው የሕግ ለውጥ ነው፤ በሲድ ብዛት የሚስተካከል አልነበረም።

ስለዚህ ሙከራው ሲዱን አስሮ ሕጉን መለወጥ ይሁን። ኬንተን መስግሬቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 የጎርፍ ሽርሸራን በኮድ ሠርተው አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው የምድር ከፍታም ቦረናንና ጎረቤቱን ሳይንትን ጨምሮ በነጻ ይገኛል። አንድ ሲድ ይያዝ፤ መጀመሪያ ኖይዙ ብቻ፣ ቀጥሎ ንብብሩ፣ ቀጥሎ ሽርሸራው ይጨመር፤ በየደረጃውም ከዘነበው ውሃ ጉድጓድ ሳያስቀረው ከካርታው ጠርዝ የሚደርሰው ስንት እጅ እንደሆነ ተለክቶ ከእውነተኛው ደጋ ጋር ይነጻጸር።